ከድራይቨር አፕዴት በኋላ የላፕቶፕ ስክሪን ሲዘባረቅ፦ ጥፋቱን ከመለየት እስከ ማስተካከል

የግራፊክስ ድራይቨር፣ ማለትም ዊንዶውስን ምስል ከሚያወጣው ግራፊክስ ቺፕ ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም፣ አፕዴት ከተደረገ በኋላ ስክሪኑ የሚዘባረቀው በብዙ መልክ ነው። አንዱ ላፕቶፕ ላይ ፊደሎቹ መሃል ለመሃል ተሰንጥቀው ግማሻቸው ወደ ጎን ይንሸራተታል። ሌላው ላይ ታች የነበረው ታስክባር አናት ላይ ወጥቶ ይደገማል። አረንጓዴና ሐምራዊ ነጠብጣብ የሚረጭበትም፣ የተዘጋው መስኮት ቁራጭ አልጠፋ ብሎ የሚቀርበትም አለ።

ብዙ ሰው ይህን ሲያይ ላፕቶፑን አንጠልጥሎ ጥገና ቤት ይሄዳል። እዚያም «ስክሪኑ ሄዷል፣ ይቀየር» መባል የተለመደ ነው። ስክሪን መቀየር ለጠጋኙ ቀላል፣ ለባለቤቱ ግን ውድ ሥራ ነው፤ ችግሩ ከድራይቨሩ ከሆነ ደግሞ አዲሱም ስክሪን ያንኑ ዝብርቅርቅ ምስል ነው የሚያሳየው። በተቃራኒው ጥፋቱ የኬብል ሆኖ ሳለ ድራይቨር ሲጭኑና ሲያነሱ የሚሰነብቱም አሉ። አፕዴቱና ብልሽቱ ስለተከታተሉ ብቻ አንዱ የሌላው ምክንያት ነው ማለት አይደለም።

ስለዚህ ይህ መመሪያ ምርመራው ላይ ብዙ ይቆያል። ምስሉ የት ላይ እንደሚበላሽ ከታወቀ ማስተካከሉ ያን ያህል አይከብድም። የተጻፈው ለዊንዶውስ 10 እና 11 ነው፤ ለሊኑክስ ተጠቃሚዎች ወደ መጨረሻው አጭር ማስታወሻ አለ።

## ከሁሉ በፊት፦ ሁለት ፈጣን ሙከራዎች

በኪቦርዱ ላይ ዊንዶውስ፣ ኮንትሮል፣ ሺፍት እና ቢ የሚሉትን አራት ቁልፎች አንድ ላይ ይጫኑ። ስክሪኑ ለአፍታ ይጠቁራል፣ አጭር የቢፕ ድምፅም ሊሰማ ይችላል። ይህ ዊንዶውስን ሳያጠፋ ግራፊክስ ድራይቨሩን ብቻ እንደገና ያስነሳዋል፤ የተከፈተ ፋይል አይዘጋብዎትም። ምስሉ በዚህ ከጠራና ትንሽ ቆይቶ ከተመለሰ፣ ጣትዎን ወደ ድራይቨሩ ለመቀሰር በቂ ምክንያት አለዎት።

ሁለተኛው ሪስታርት ማድረግ ነው። «ሻት ዳውን» ብሎ አጥፍቶ ማብራት ተመሳሳይ ውጤት የለውም። ፋስት ስታርትአፕ የሚባለው አሠራር ክፍት ከሆነ ዊንዶውስ ሲጠፋ የሲስተሙን የውስጥ ክፍል ዲስክ ላይ አስቀምጦ ሲበራ ያንኑ ያነሳል፤ ድራይቨሩ ከነችግሩ አብሮ ይነሳል። ሁሉንም ከባዶ የሚጀምረው ሪስታርት ነው። ድራይቨር ከጫኑ በኋላ ሪስታርት ሳያደርጉ የቆዩ ሰዎች በዚህ ብቻ ይገላገላሉ።

## ምስሉ የሚበላሸው የት ነው?

ፕሮግራሞች የሚስሉት ምስል መጀመሪያ ሚሞሪ ውስጥ ይቀመጣል። ግራፊክስ ቺፑ ምስሉን ከዚያ በሰከንድ 60 ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ እያነበበ፣ በማጠፊያው ውስጥ በሚያልፈው ቀጭን ኬብል በኩል ወደ ስክሪኑ ይልከዋል። ምስሉ ሲሳል፣ ሲላክ ወይም ስክሪኑ ላይ ሲደርስ ሊበላሽ ይችላል። ድራይቨሩ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ላይ እጁ አለበት፤ በሦስተኛው ላይ ምንም ድርሻ የለውም። የሚከተሉት ሙከራዎች ገንዘብ አያስወጡም።

ስክሪንሾት፦ ምስሉ ተዘባርቆ እያለ ዊንዶውስ እና ፕሪንት ስክሪን የሚሉትን ቁልፎች አብረው ይጫኑ። ፎቶው ፒክቸርስ ውስጥ ስክሪንሾትስ የሚለው ፎልደር ላይ ይቀመጣል። በቴሌግራም ወደ ራስዎ ሴቭድ ሜሴጅስ ልከው በስልክዎ ይክፈቱት። ስልኩ ላይም ተዘባርቆ ከታየ ምስሉ የተበላሸው ገና ሲሳል ነው፤ ስክሪኑና ኬብሉ ነጻ ናቸው ማለት ነው። ስልኩ ላይ ጥርት ብሎ ከታየ ደግሞ ሥዕሉ ደህና ነው፣ ችግሩ የመጣው በመላኩ ወይም በማሳየቱ ላይ ነው። ስክሪኑን በስልክ ካሜራ ፎቶ ማንሳት ለዚህ ሙከራ አይሆንም፤ ካሜራው የሚያየው እርስዎ የሚያዩትን ነውና ምንም አይለይም።

የማውስ ቀስት፦ ይህን ብዙ ሰው ልብ አይለውም። ቀስቱ በአብዛኛው ከሌላው ምስል ተነጥሎ ይያዝና መጨረሻ ላይ፣ ወደ ስክሪኑ ሲላክ ነው የሚደረበው። ስለዚህ በተመሰቃቀለው ዴስክቶፕ ላይ ቀስቱ ብቻውን ንጹህ ሆኖ ከተንሸራሸረ፣ የተበላሸው ከሥሩ ያለው ሥዕል ነው። ቀስቱም እንደሌላው ተሰንጥቆና ተቆራርጦ ከታየ ጥፋቱ ከዚያ በኋላ ባለው መንገድ ላይ ነው። ፍንጭ እንጂ የመጨረሻ ፍርድ አይደለም፤ ከስክሪንሾቱ ጋር ሲስማማ ግን ጠንካራ ምስክር ይሆናል።

ባዮስ፦ ላፕቶፑን ሪስታርት አድርገው ገና ሲነሳ የባዮስ መግቢያውን ቁልፍ ደጋግመው ይምቱ። ኤችፒ ላይ ኤፍ 10፣ ዴል ላይ ኤፍ 2፣ ሌኖቮ ቲንክፓድ ላይ ኤፍ 1 ነው። ባዮስ ከዊንዶውስ በፊት የሚነሳ የላፕቶፑ የራሱ የቅንብር ገጽ ነው፤ የዊንዶውስን ድራይቨር ፈጽሞ አይጠቀምም። እዚያ ገብተው አምስት አስር ደቂቃ ይቆዩ፤ ክዳኑንም ቀስ አድርገው ወደፊትና ወደኋላ ያንቀሳቅሱት። እዚያም ከተዘባረቀ ድራይቨሩ ንጹህ ነው። ክዳኑ ሲንቀሳቀስ መልኩን ከለዋወጠ ኬብሉ ነው። ባዮስ ላይ ንጹህ መሆኑ ግን ሃርድዌሩን ሙሉ በሙሉ ነጻ አያወጣም፤ ባዮስ ቺፑን ብዙ አያደክመውም፣ ሁለት ግራፊክስ ባላቸው ላፕቶፖችም ብዙ ጊዜ ሁለተኛውን ቺፕ ጭራሽ አይነካውም።

የውጭ ስክሪን፦ በኤችዲኤምአይ ገመድ ከቤቱ ቴሌቪዥን ጋር ያገናኙትና ዊንዶውስ እና ፒ የሚሉትን ቁልፎች አብረው ተጭነው «ዱፕሊኬት» የሚለውን ይምረጡ። ቴሌቪዥኑም ከተዘባረቀ ጥፋቱ ከድራይቨሩ ወይም ከቺፑ ነው። ቴሌቪዥኑ ደህና ሆኖ የላፕቶፑ ብቻ ከተበላሸ ወደ ኬብሉና ወደ ስክሪኑ ያመለክታል። እዚህ ላይ ግን አይቸኩሉ፤ ድራይቨሩ ለላፕቶፑ ስክሪን ብቻ የሚጠቀምበት ቅንብር ተሳስቶም ይህንኑ ሊያሳይ ይችላል። «ትክክለኛው ድራይቨር ገብቶም ካልጠራ» በሚለው ክፍል ወደ እሱ እንመለሳለን።

የብልሽቱ መልክም ይናገራል። ቦታቸውን የማይለቁ ከላይ እስከ ታች የወረዱ ቀጥ ያሉ መስመሮች ባብዛኛው የስክሪን ወይም የኬብል ናቸው። ባዮስ ላይም ሆነ የዊንዶውስ አርማ ሲመጣ የሚታዩ፣ በእኩል ርቀት የተበተኑ ባለቀለም ትናንሽ ካሬዎች የቪዲዮ ሚሞሪ ወይም የቺፕ ምልክት ናቸው። መስኮት ሲከፈትና ሲዘጋ የሚለዋወጥ፣ ከዊንዶውስ ውጪ የማይታይ ዝብርቅርቅ ግን የድራይቨር ጠባይ ነው።

የቺፕ ነገር ከተነሳ አይቀር፦ በሴኮንድ ሃንድ ገበያ አሮጌ ላፕቶፕ የገዛ ሰው ሁለት ታሪኮችን ቢያውቅ ጥሩ ነው። ኤንቪዲያ እ.ኤ.አ. በ2008 አንዳንድ የላፕቶፕ ግራፊክስ ቺፖቹ ከወትሮው በበለጠ እየተበላሹ መሆናቸውን አምኖ ለጥገናና ለመተኪያ ከ150 እስከ 200 ሚሊዮን ዶላር መድቦ ነበር። አፕልም በ2015 ኤኤምዲ ግራፊክስ ላላቸው እንደ 2011 ማክቡክ ፕሮ ላሉ ሞዴሎች፣ የተዛባ ምስል ሲያሳዩ በነጻ የሚጠገኑበትን ፕሮግራም ከፍቷል። እንዲህ ያለ ቺፕ በሙቀት መንፊያ ሲሞቅ ለጥቂት ጊዜ ሊሠራ ይችላል፤ አንዳንድ ጠጋኝ ይህንኑ «ተሠራ» ብሎ ያስረክባል። ለቀናት ወይም ለሳምንታት ነው እንጂ ጥገና አይደለም።

ምርመራው ወደ ድራይቨር ካመለከተ ወደሚቀጥለው ይለፉ። ወደ ኬብል ወይም ወደ ቺፕ ካመለከተ ከታች ያለው የድራይቨር ሥራ አይጠቅምዎትም፤ ወደ መጨረሻው ክፍል ይዝለሉ።

## ምን እንደተለወጠ ማወቅ

ብዙ ጊዜ ባለቤቱ «ምንም አልነካሁም» ይላል፤ እውነቱንም ነው፣ ዊንዶውስ አፕዴት በራሱ ነው የጫነው። በስታርት መፈለጊያ ላይ «ቪው ሪላያቢሊቲ ሂስትሪ» የሚለውን በእንግሊዝኛ ፊደል ጽፈው ይክፈቱ። በየቀኑ የተጫነውና የወደቀው ነገር በሠንጠረዥ ይታያል። ስክሪኑ የተበላሸበትን ቀን ሲነኩ የኢንቴል፣ የኤንቪዲያ ወይም የኤኤምዲ ድራይቨር ተጭኖ ከተገኘ ነገሩ አለቀ።

አሁን ያለውን ቁጥር ይመዝግቡ። ስታርት ላይ ራይት ክሊክ አድርገው ዲቫይስ ማኔጀርን ይክፈቱ፤ «ዲስፕሌይ አዳፕተርስ» የሚለውን ዘርግተው በካርዱ ስም ላይ ራይት ክሊክ፣ ፕሮፐርቲስ፣ ከዚያ «ድራይቨር» የሚለው ገጽ። ቀኑንና ቨርዥኑን በስልክዎ ፎቶ ያንሱት። የኤንቪዲያ ቁጥር እዚህ ላይ ከድረ ገጹ ጋር አይመሳሰልም፤ የመጨረሻዎቹን አምስት አሃዞች ብቻ ይውሰዱ። 31.0.15.3623 ካለ ድረ ገጹ ላይ 536.23 ተብሎ የሚጠራው ነው።

በዚያው ዝርዝር ውስጥ ሁለት ካርዶች ካሉ፣ ለምሳሌ ኢንቴልና ኤንቪዲያ፣ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። በአብዛኞቹ ባለሁለት ግራፊክስ ላፕቶፖች ስክሪኑ የተያያዘው ከኢንቴሉ ጋር ነው፤ ኤንቪዲያው ከባድ ሥራ ሲመጣ ስሎ ለኢንቴሉ ያቀብለዋል። ስለዚህ ዴስክቶፑ ራሱ፣ ጌም ሳይከፈት፣ ከተዘባረቀ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ኢንቴሉ ነው። የኤንቪዲያን ድራይቨር አስሬ እያነሱ እየጫኑ «አልሆነም» የሚሉ ሰዎች የሚስቱት እዚህ ላይ ነው።

## ወደ ሴፍ ሞድ መግባት

በሴፍ ሞድ ዊንዶውስ የፋብሪካውን ድራይቨር ትቶ ማይክሮሶፍት ባዘጋጀው ቀላል ድራይቨር ነው የሚነሳው። ስክሪኑ እዚያ ከጠራ ሥራዎን በሰላም ይሠራሉ።

ከመግባትዎ በፊት ግን ቢትሎከር የተባለውን የዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ ነገር ያረጋግጡ። ዲስኩ የተመሰጠረ ከሆነ፣ ዊንዶውስ 11 ላይ ባለቤቱ ሳያውቅ ሊሆን ይችላል፣ ወደ ሴፍ ሞድ ሲገቡ 48 አሃዝ ያለው የመክፈቻ ቁጥር ይጠየቃሉ። ቁጥሩ በማይክሮሶፍት አካውንትዎ ውስጥ በላፕቶፑ ስም ሥር ይገኛል፤ በስልክ ገብተው ማየት ይችላሉ። ላፕቶፑን ሴኮንድ ሃንድ ገዝተው ከሻጩ አካውንት ጋር እንደተቀበሉት እየተጠቀሙ ከሆነ ቁጥሩ ያለው እሱ ጋ ሊሆን ይችላል። ይህን ሳያጣሩ ወደፊት አይሂዱ።

ስክሪኑ በመጠኑ የሚነበብ ከሆነ፣ የሺፍት ቁልፍን ተጭነው ይዘው ከፓወር ምልክቱ ሪስታርትን ይምረጡ። ፓስወርድ በሚጠይቀው ገጽ ላይ ሆነውም ይሠራል። ጭራሽ የማይነበብ ከሆነ የዊንዶውስ አርማ ብቅ ሲል የፓወር ቁልፉን ተጭነው ይዘው ያጥፉት፣ ያብሩት፣ እንደገና ያጥፉት። ይህ ሁለት ሦስት ጊዜ ሲደጋገም ዊንዶውስ መነሳት እንዳቃተው ቆጥሮ የጥገና ገጹን ራሱ ያመጣል።

ሰማያዊው የምርጫ ገጽ ሲመጣ ትራብልሹት፣ አድቫንስድ ኦፕሽንስ፣ ስታርትአፕ ሴቲንግስ፣ ሪስታርት እያሉ ይሂዱ። ሲነሳ ቁጥር 4 ሴፍ ሞድ፣ ቁጥር 5 ሴፍ ሞድ ከኔትወርክ ጋር ነው። 4ን ይምረጡ፤ ኢንተርኔት አሁን አያስፈልግም፣ ኋላ እንደምናየው እንዲያውም እንቅፋት ነው። ጣት አሻራና ፊት እዚህ ላይሠሩ ስለሚችሉ ፓስወርድዎን አስቀድመው ያስታውሱ።

## አንደኛው መፍትሔ፦ ወደ ቀድሞው መመለስ

ዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ ቨርዥኑን ያዩበት ገጽ ላይ «ሮል ባክ ድራይቨር» የሚል አለ። ይጫኑት። ለምን እንደሚመልሱ ይጠይቅዎታል፤ የትኛውንም ምክንያት ቢመርጡ ልዩነት የለውም። ከዚያ ሪስታርት። የድራይቨር አፕዴት ያመጣው ዝብርቅርቅ ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ያበቃል።

ቁልፉ ደብዝዞ አልነካም ካለ የቀድሞው ድራይቨር አልተቀመጠም ማለት ነው። ያኔ ከሰማያዊው ገጽ አድቫንስድ ኦፕሽንስ ውስጥ «ሲስተም ሪስቶር» የሚለውን ይሞክሩ፤ ከአፕዴቱ በፊት የተያዘ ነጥብ ካለ ድራይቨሩንም የዊንዶውስን የቅንብር መዝገብም ወደዚያ ቀን ይመልሳል። ሰነዶችዎንና ፎቶዎችዎን አይነካም፤ ከዚያ ቀን በኋላ የተጫኑ ፕሮግራሞች ግን ይነሳሉ።

## ሁለተኛው መፍትሔ፦ አጽድቶ እንደገና መጫን

ይህን ከመጀመርዎ በፊት ትክክለኛውን ድራይቨር አውርደው ዴስክቶፕ ላይ ወይም ፍላሽ ላይ ያስቀምጡ። የኤንቪዲያ ፋይል ብቻውን ከግማሽ ጊጋባይት በላይ ስለሆነ በሞባይል ዳታ የሚጠቀም ሰው ጥቅሉን አስቀድሞ ይመልከት። የላፕቶፑ ባትሪ ሞልቶ ቻርጀሩም ተሰክቶ ይሁን። መብራት ሊጠፋ ይችላል በሚሉበት ሰዓት፣ በተለይ ባትሪው በሞተ ላፕቶፕ፣ አይጀምሩት፤ መሃል ላይ የተቋረጠ ጭነት ከነበረው የባሰ ጣጣ ያመጣል።

የትኛው ድራይቨር ነው ትክክለኛው? ክርክሩ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ የእኔ አቋም ግልጽ ነው፦ ለላፕቶፕ ሁልጊዜ መጀመሪያ የላፕቶፑ አምራች ድረ ገጽ ላይ ያለው ይሞከር፣ ሁለት ዓመት ያለፈው ቢሆንም። ኤችፒ፣ ዴል ወይም ሌኖቮ ያንን ድራይቨር በዚያ ሞዴል ላይ ፈትሸው ነው የሚያወጡት። ኢንቴል በራሱ ድረ ገጽ የሚያወጣው ለሁሉም የሚሆን ነው። እስከ 2020 ድረስ የኢንቴል ድራይቨር የአምራቹ ልዩ ድራይቨር ባለበት ላፕቶፕ ላይ «አልጫንም» ይል ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ያ እገዳ ስለተነሳ ማንም ሰው በላዩ ላይ ሊጭንበት ይችላል። ነጻነቱ ጥሩ ነው፤ ዝብርቅርቁም በከፊል የመጣው በዚያው በር ነው። አዲስ ጌም የማይጫወት፣ ከባድ ቪዲዮ የማይቆርጥ ሰው አዲስ ግራፊክስ ድራይቨር የሚፈልግበት ምክንያት ብዙም የለውም።

ሞዴሉን ለማወቅ ከታች የተለጠፈውን ወረቀት ብቻ አይመኑ። ሴኮንድ ሃንድ ላፕቶፖች ላይ የታችኛው ክዳን ከሌላ ማሽን የተወሰደ ሊሆን ይችላል። ባዮስ ውስጥ የሚነበበው ይበልጣል፤ ዴል ላይ ባለ ሰባት ፊደልና ቁጥር የሆነው ሰርቪስ ታግ፣ ኤችፒና ሌኖቮ ላይ ሲሪያል ነምበሩ እዚያ አለ። ያንን ድረ ገጹ ላይ ሲያስገቡ የዚያኑ ማሽን ዝርዝር ያወጣልዎታል።

እዚህ አገር ገበያ ላይ የሚበዙት እንደ ኤችፒ ኤሊትቡክ 840 ጂ3 ወይም ዴል ላቲትዩድ ኢ7470 ያሉት ስድስተኛ ትውልድ የኢንቴል ፕሮሰሰር ያላቸው ናቸው። ኢንቴል በ2022 ከስድስተኛ እስከ አሥረኛ ትውልድ ያሉትን ከአዳዲሶቹ ለይቶ በተናጠል የድራይቨር መስመር ላይ አድርጓቸዋል። ስለዚህ ለአሥራ ሁለተኛ ትውልድ የወጣውን «የመጨረሻውን» ድራይቨር ፈልጎ ማውረድ ትርጉም የለውም።

ሁሉንም ድራይቨር በአንድ ጊዜ እንጭናለን የሚሉትን ጥቅሎችና «ቡስተሮች» ደግሞ ለግራፊክስ ባትጠቀሙባቸው እመርጣለሁ። ፎርማት ተደርጎ የመጣ ላፕቶፕ ብዙ ጊዜ የሚሞላው ከአንድ ፍላሽ ላይ በእነሱ ነው። ለድምፅና ለዋይፋይ ሥራ ያቃልላሉ፤ ግራፊክስ ላይ ግን ለቺፑ ስም የቀረበውን ስለሚመርጡ ላፕቶፑን አያዩትም።

አሁን ወደ ማጽዳቱ። ሴፍ ሞድ ውስጥ ሁለት መንገድ አለ።

ቀላሉ፦ ዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ በካርዱ ላይ ራይት ክሊክ አድርገው «አንኢንስቶል ዲቫይስ» ይበሉ፤ በሚመጣው ትንሽ መስኮት ድራይቨሩንም አብሮ እንዲሰርዝ የሚለው ሳጥን ላይ ምልክት ያድርጉ። ከዚያ ከላይ ካለው ሜኑ «ስካን ፎር ሃርድዌር ቼንጅስ» የሚለውን ይጫኑ። ዊንዶውስ ከጎተራው ሌላ አሮጌ ድራይቨር አውጥቶ ሊተካበት ይችላል፤ ያንንም በዚያው መንገድ ያንሱ። ስሙ «ማይክሮሶፍት ቤዚክ ዲስፕሌይ አዳፕተር» እስኪሆን ይደጋግሙት።

ጠንካራው፦ ዲስፕሌይ ድራይቨር አንኢንስቶለር፣ በአጭሩ ዲዲዩ የሚባለው ነጻ ፕሮግራም ነው። አስቀድሞ አውርዶ መዘርገፍ ያስፈልጋል። ሴፍ ሞድ ውስጥ ሲከፍቱት የካርዱን ዓይነትና አምራቹን ይመርጡና «ክሊን ኤንድ ሪስታርት» ይላሉ። ሁለት ካርድ ካለ ለየብቻ ያጽዱ። ተራው መንገድ ካልሠራ ወይም ሦስት አራት ድራይቨር ተደራርቦ ከተጫነ ይህ ይሻላል።

በሁለቱም መንገድ ሪስታርት ከማድረግዎ በፊት ዋይፋይ ያጥፉ፣ የኔትወርክ ገመድም ካለ ይንቀሉ። ካልሆነ ዊንዶውስ አፕዴት ገና ከመነሳትዎ ያንኑ ያበላሸዎትን ድራይቨር አውርዶ ይጭነዋል። አጽድተው «ያው ነው» የሚሉ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚሸነፉት በዚህ ነው።

ሲነሳ በተለመደው ዊንዶውስ ውስጥ ይሁኑ፤ የሚጭኑት ሴፍ ሞድ ውስጥ አይደለም። ፊደሉ ትልቅና ደብዛዛ ሊሆን ይችላል፣ ቀላሉ ድራይቨር ስለሆነ ነው። ያዘጋጁትን ይክፈቱ። ሁለት ግራፊክስ ካለ ኢንቴሉን ወይም ኤኤምዲውን አስቀድመው ጭነው ሪስታርት ያድርጉ፣ ኤንቪዲያው ይከተል። ኤንቪዲያው ላይ «ከስተም» ከሚለው ውስጥ «ፐርፎርም ኤ ክሊን ኢንስቶሌሽን» የሚለው ላይ ምልክት ያድርጉ። በመሃል ስክሪኑ ሁለት ሦስት ጊዜ ይጠቁራል፤ ደንግጠው ፓወሩን አይጫኑ።

## ትክክለኛው ድራይቨር ገብቶም ካልጠራ

እዚህ የሚደርሱት ጥቂቶች ናቸው። መጀመሪያ የሚታየው ችግሩ የሚከሰትበት ሁኔታ ነው።

ቻርጀር ሲነቀል ብቻ ከሆነ ፓነል ሰልፍ ሪፍሬሽ የሚባለውን ይጠርጥሩ። ስክሪን ላይ ያለው ነገር ሳይንቀሳቀስ ሲቆይ፣ ባትሪ ለመቆጠብ ስክሪኑ ምስሉን በራሱ ሚሞሪ ይይዝና ግራፊክስ ቺፑ ያርፋል። በቺፑና በስክሪኑ መካከል ያለው መግባባት ሲዛባ ምስሉ ከፊሉ አሮጌ ከፊሉ አዲስ ይሆናል፣ ማውሱን ሲነኩ ይጠራል፣ ሲተዉት ይመለሳል። ቀደም ብዬ «አይቸኩሉ» ያልኩት ለዚህ ነው፤ የውጭ ስክሪን ላይ አይታይም፣ ስክሪንሾትም ላይ አይወጣም፣ ግን የስክሪን ብልሽት አይደለም። ኢንቴል ግራፊክስ ኮማንድ ሴንተር ውስጥ ሲስተም፣ ፓወር፣ «ኦን ባተሪ» በሚለው ሥር ያጥፉት። ባትሪው ትንሽ ቶሎ ያልቃል፣ ያ ብቻ ነው ጉዳቱ።

ሁለተኛው የሪፍሬሽ ሬቱ፣ ማለትም ስክሪኑ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚታደስ የሚነግረው ቁጥር ነው። ሴቲንግስ፣ ሲስተም፣ ዲስፕሌይ፣ አድቫንስድ ዲስፕሌይ ውስጥ ገብተው ቁጥሩን ያንብቡ። 120 ወይም 144 ሄርዝ ላይ ከሆነ ለሙከራ ወደ 60 ያውርዱት። በ60 ጸጥ ካለ ኬብሉ ከፍተኛውን ፍጥነት መሸከም አቅቶት ሊሆን ስለሚችል ይህን ለጠጋኙ ለመንገር ይያዙት።

ብሮውዘር ላይ ብቻ ከሆነ፣ ዴስክቶፑ ንጹህ ሆኖ ክሮም ወይም ኤጅ ውስጥ ቪዲዮው ወይም ጽሑፉ ከተሰባበረ፣ ድራይቨር ማንሳት አያስፈልግም። የብሮውዘሩ ሴቲንግስ ውስጥ «ሲስተም» ከሚለው ሥር የግራፊክስ አክሰለሬሽኑን አጥፍተው ብሮውዘሩን ዘግተው ይክፈቱ።

ከባድ ሥራ ሲጀምር ብቻ፣ ላፕቶፑ ሲግል የሚመጣ ከሆነ ደግሞ የፋኑን አቧራ አስጠርገው የቺፑን ቅባት አስቀይሩ። ስክሪኑ ድርቅ ብሎ ጠቁሮ የሚመለስ፣ ኢቨንት ቪወር በሚባለው የዊንዶውስ የክስተት መዝገብ ውስጥም 4101 የሚል ቁጥር የሚመዘግብ ከሆነ ድራይቨሩ መልስ ስላልሰጠ ዊንዶውስ እንደገና አስነስቶታል ማለት ነው። መነሻው የሚጠብቀው ጊዜ 2 ሰከንድ ነው። በጸዳ ድራይቨርም ከቀጠለ ቺፑን መጠርጠር ይጀምሩ።

## ዊንዶውስ መልሶ እንዳያበላሸው

ዋይፋዩን ከመክፈትዎ በፊት ይህን ይጨርሱ። ኮንትሮል ፓነል ውስጥ ከአድቫንስድ ሲስተም ሴቲንግስ «ሃርድዌር» የሚለው ገጽ ላይ «ዲቫይስ ኢንስቶሌሽን ሴቲንግስ» አለ፤ «ኖ» ብለው ያስቀምጡ። ዊንዶውስዎ ፕሮ ከሆነ ግሩፕ ፖሊሲ ውስጥ ዊንዶውስ አፕዴት ድራይቨር እንዳይጨምር የሚያደርገውን መመሪያ ማብራት የበለጠ አስተማማኝ ነው። ሆም ከሆነ አፕዴቱን እስከ 5 ሳምንት ማቆየት ይችላሉ። አፕዴትን ለዘለቄታው ጨርሶ መዝጋት ግን አልመክርም፤ ለአንድ ግራፊክስ ድራይቨር ተብሎ የደህንነት ማሻሻያዎችን ማጣት አያዋጣም።

## ሊኑክስ ላይ

ኡቡንቱ የሚጠቀም ሰው ከአፕዴት በኋላ ከተዘባረቀበት፣ ኮምፒውተሩ ገና ሲነሳ በሚመጣው ግራብ ሜኑ ላይ «አድቫንስድ ኦፕሽንስ» ከሚለው ውስጥ የቀድሞውን ከርነል፣ ማለትም የሲስተሙን እምብርት፣ መርጦ ይነሳ። በእሱ ከጠራ ችግሩ ከአዲሱ ከርነል ጋር የመጣው ድራይቨር ነው፤ ቀጣዩ ማሻሻያ እስኪወጣ በዚያው መቆየት ይቻላል። ኤንቪዲያ ከሆነ «አዲሽናል ድራይቨርስ» የሚለውን ከፍቶ አንድ ደረጃ ዝቅ ያለውን ቁጥር መምረጥ ነው።

## ጥገና ቤት መሄድ የግድ ከሆነ

ያደረጓቸውን ሙከራዎች ውጤት ይዘው ይሂዱ፦ ስክሪንሾቱ ንጹህ ነው ወይስ አይደለም፣ ባዮስ ላይ ይታያል ወይስ አይታይም፣ ክዳኑ ሲንቀሳቀስ ይለወጣል ወይስ አይለወጥም። ስክሪን ከመቀየሩ በፊት ኬብሉ በሁለቱም ጫፍ ተነቅሎ ተጠርጎ እንደገና እንዲሰካ ይጠይቁ፤ ማጠፊያው ጋ ተልጦ እንደሆነም በዓይንዎ ይዩት። ኬብል ብቻውን ከስክሪን በጣም ይረክሳል። ስክሪኑ የግድ ይቀየር ከተባለም በአሮጌው ጀርባ ላይ የተጻፈው ሙሉ የፓርት ቁጥር ከአዲሱ ጋር ይመሳከር። በተለይ የማገናኛው ፒን 30 ነው ወይስ 40 የሚለው መለየት አለበት፤ ሁለቱ አይለዋወጡም። አሮጌውን ስክሪንም ተቀብለው ይውጡ።